19 አሸንፎ 31 የተሸነፈ ቡድን እንዴት ዋንጫ አነሳ? የ2019ኙን ናሽናልስ (የዋሽንግተን ዲሲን የቤዝቦል ቡድን) የምታስታውሱ ኑ

ባለ ታክሲው (አርሊንግተን)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሰሞኑን የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ «አባዬ፣ ናሽናልስ አንድ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነው ነበር የሚሉት እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ነፍስ ካወቀ ጀምሮ የሚያየው ሲሸነፉ ነውና አልፈረድኩበትም። ልመልስለት ስጀምር ግን ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፤ እናቱ ለእራት ሁለቴ ጠራችን። ያን ዓመት ያያችሁ ካላችሁ የጎደለኝን ሙሉልኝ ብዬ ወደዚህ አመጣሁት።

እኔ ቤዝቦልን የተማርኩት በጆሮዬ ነው። ሌሊት ታክሲ ስትሠራ ባልንጀራህ ሬዲዮ ነው። 106.7 ላይ ቻርሊ ስሎውስና ዴቭ ጄግለር እያንዳንዷን ኳስ ስለሚተርኩ ሜዳው ሳይታየኝ ሜዳውን ለመድኩት። ለኛ ኳስ ማለት የእግር ኳስ ነውና መጀመሪያ ምኑም አይገባኝም ነበር። ሦስተኛው ዓመት ላይ ግን ማን እየወረወረ እንደሆነ ከተመልካቹ ድምፅ ብቻ መለየት ጀመርኩ።

2019 ሲጀምር ከተማው ከፍቶት ነበር። ኮከባችን ብራይስ ሃርፐር ለ13 ዓመት በ330 ሚሊዮን ዶላር ፈርሞ ወደ ፊላዴልፊያ ሄዷል። ሜይ 23 ላይ ሜትስ ኒውዮርክ ውስጥ አራት ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈንና 19 ለ 31 ሆንን። አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ዛሬ ይባረራል፣ ነገ ይባረራል ነበር ወሬው ሁሉ። ከዚያ ነው ነገሩ የተለወጠው። ሄራርዶ ፓራ የሚባል፣ ሌላ ቡድን የለቀቀው ተጫዋች መጣና ለመምታት ሲገባ የልጆች የሻርክ ዘፈን ያስከፍት ጀመር። ስታዲየሙ በሙሉ፣ ሽማግሌው ሳይቀር፣ ሁለት እጁን እንደ ሻርክ መንጋጋ እየከፈተ ያጨበጭባል። በዚያው በጁን ወር ወርዋሪያችን ማክስ ሸርዘር ልምምድ ላይ ኳስ አፍንጫውን ሰበረው፤ በማግስቱ ዓይኑ ዙሪያ ጠቁሮ ገባና ሰባት ኢኒንግ አንድም ነጥብ ሳይቆጠርበት ጨረሰ። እኔ «ይሄ ቡድን አልሞተም» ያልኩት ያን ቀን ነው።

አሁን ወደ መጨረሻዋ ሌሊት ልዝለል። ኦክቶበር 30፣ ሬገን አየር ማረፊያ የታክሲ ወረፋ ላይ ነኝ። የወርልድ ሲሪስ (የዓመቱ ፍጻሜ) ሰባተኛ ጨዋታ፣ ሂውስተን አስትሮስ 2 ለ 0 እየመራ ነው። ወርዋሪያቸው ዛክ ግሬንኪ ስድስት ኢኒንግ ሙሉ እጃችንን አስሮታል። የኔ ሬዲዮ ድምፁ ጥሩ ስለነበር አምስት ስድስት ሆነን መኪናዋን ከበናታል። አንዱ በመስኮት አንገቱን አስገብቷል፣ አንዱ ጣራዋ ላይ በክርኑ ተደግፏል፣ ከቤት የመጣ ፍርፍር በፎይል ተጠቅልሎ ኮፈኑ ላይ ተቀምጧል፣ የሚነካው ግን የለም። በሰባተኛው ኢኒንግ አንቶኒ ሬንዶን ሆም ራን መታ፣ 2 ለ 1። ሁዋን ሶቶ በዎክ ቤዝ ያዘ፣ ማለት ሳይመታ በነፃ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ አለፈ። ግሬንኪን አወጡትና ዊል ሃሪስ ገባ። የ36 ዓመቱ ሃዊ ኬንድሪክ የሃሪስን ሁለተኛ ኳስ ወደ ቀኝ ጥግ ላካት። በሜዳው ጥግ ረጅም ቢጫ ምሰሶ አለ፣ ኳሷ እሱን ከነካች ሆም ራን ናት። «ጓ!» የሚል የብረት ድምፅ ተሰማን። 3 ለ 2!

ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር ይከብደኛል። ከፊታችን ያሉት ታክሲዎች ሄደው ወረፋው ባዶ ሆኗል፣ ተቆጣጣሪው እጁን እያወዛወዘ ይጮህብናል፣ መኪናው ውስጥ የገባ ሰው ግን አልነበረም። ተቃቅፈን እንዘላለን። 6 ለ 2 አለቀ።

የጉለሌ ልጅ (አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ ስታነበው እንባ ይመጣል፣ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ግማሹ አልገባኝም። ኢኒንግ ምንድን ነው? «ሰባተኛ ጨዋታ» ሲባልስ ከአንድ ቡድን ጋር ሰባት ጊዜ ይጫወታሉ ማለት ነው? ደግሞ 50 ጨዋታ ተጫውቶ ገና ወቅቱ አላለቀም?

ሦስተኛ ቤዝ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እኔ ሃይስኩል እያለሁ እጫወት ነበር፣ ልሞክር። ወርዋሪው ፒቸር ይባላል፣ ዱላ የያዘው መቺ ነው። መቺው ኳሷን ሦስት ጊዜ ከሳተ አውት ነው። መትቶ መሬት ሳትነካ ከቀለቧትም አውት ነው። ሆም ራን ማለት አጥሩን የዘለለች ኳስ ናት፤ ቤዝ ላይ ያሉት ሁሉ ገብተው ነጥብ ይሆናሉ። ሦስት አውት ሲሞላ ተራው ለሌላው ቡድን ይለቀቃል። ሁለቱም አንድ አንድ ጊዜ ከመቱ አንድ ኢኒንግ ሆነ፣ ጨዋታው ዘጠኝ ኢኒንግ ነው። በዓመት 162 ጨዋታ አለ፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል። ወርልድ ሲሪስ ላይ ደግሞ ከሁለቱ ቀድሞ አራት ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል፣ ስለዚህ እስከ ሰባት ሊሄድ ይችላል።

ከሁሉም በላይ ግን ይሄን ያዝ፦ ሰዓት የለውም። እግር ኳስ ላይ 3 ለ 0 እየመራህ 85ኛው ደቂቃ ከደረሰ ኳሷን ጥግ ይዘህ ጊዜ ትገድላለህ። እዚህ የሚገደል ጊዜ የለም። የመጨረሻውን አውት እስክታገኝ ድረስ ኳሷን ለተቃራኒህ መወርወር ግዴታህ ነው። የ2019ኙን ናሽናልስ ያለዚህ ልትረዳው አትችልም። ሴፕቴምበር 3 ከሜትስ ጋር በዘጠነኛው ኢኒንግ የኛ ተራ ሲደርስ 10 ለ 4 ይመሩን ነበር። በመጨረሻዋ ተራችን ሰባት ነጥብ አስቆጠርን፤ ኩርት ሱዙኪ በኤድዊን ዲያዝ ላይ የሦስት ነጥብ ሆም ራን መትቶ 11 ለ 10 ዘጋው። እኔ በስምንተኛው ኢኒንግ ቴሌቪዥኑን ዘግቼ ተኝቼ ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሳውዝ ኢስት

ባለ ታክሲው፣ እጅህ ይባረክ። እኔ ያን ዓመት ስታዲየሙ ውስጥ ምግብ መሸጫው ላይ እሠራ ነበር። ማን ቀጥሮኝ እንደነበር ይቅር፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያችንን ሳይከፍሉን የቀሩ ሰዎች ናቸውና ስማቸውን ማንሳት አልፈልግም። ቡድኑን ግን ከእነሱ ለይቼ ነው የምወደው።

ኦክቶበር 1 የብሩወርሱ ጨዋታ ላይ ነበርኩ። ዋይልድ ካርድ የሚሉት፣ አንድ ጊዜ ተሸንፈህ ዓመቱ የሚያልቅበት። 3 ለ 1 እየተመራን ስምንተኛው ኢኒንግ ደረሰ፣ ወርዋሪያቸው ጆሽ ሄደር ገባ፣ ኳሱ አይታይም። እኔ ቆጣሪ ላይ ቆሜ አንድ ሽማግሌ ቡና ያዘዙኝ፣ ክዳኑን ልገጥም ሳለሁ ሶቶ መታ። ኳሷ ወደ ቀኝ ሜዳ ሄደች፣ ግሪሻም የሚባለው ልጅ ሊያነሳት ሲል ከጓንቱ ስር አለፈችው። ሦስት ሰው ገባ፣ 4 ለ 3። ሽማግሌው ቡናቸውን ቆጣሪው ላይ ትተው እየሮጡ ወደ ወንበራቸው ሄዱ። ያ ስታዲየም ሲንቀጠቀጥ በእግሬ ተሰምቶኛል፤ ኮንክሪቱ ይነዝራል ብል ማን ያምነኛል። ቡናቸውን እስከ መጨረሻው አስቀመጥኩላቸው፣ ግን አልተመለሱም።

የወርልድ ሲሪሱን ሦስት ጨዋታ ግን በቤታችን ያየነው እኛ ነን፣ ሦስቱንም ተሸነፍን። 4 ለ 1፣ 8 ለ 1፣ 7 ለ 1። ከተማው 86 ዓመት የጠበቀው ወርልድ ሲሪስ መጥቶ በሦስት ሌሊት ሦስት ነጥብ ብቻ። አምስተኛው ጨዋታ ጠዋት ሸርዘር አንገቱ ተቆልፎ ቀኝ እጁን ማንሳት አቃተው፣ ልብሱን ያለበሰችው ሚስቱ ናት ተባለ። ያን ማታ ሰዉ ሲወጣ ድምፅ አልነበረም፤ የሚሰማው የኦቾሎኒ ቅርፊት ከጫማ ስር ሲንኮሻኮሽ ብቻ ነው። እያጸዳሁ አለቀስኩ።

ከሂውስተን

ሰላም ለናንተ። እኔ ሂውስተን ነው የምኖረው፣ ሌላውም ወገን ይሰማ። የኛ ቡድን ያን ዓመት 107 ጨዋታ አሸንፏል። እናንተ 93፤ ምድባችሁን እንኳ አትላንታ ነው የወሰደው። ግሪሻም ያቺን ኳስ ቢይዛት ኖሮ ይሄ ሁሉ ታሪክ የለም። የኬንድሪክ ኳስ ትንሽ ወደ ውጭ ብትሄድ ፋውል ናት፣ ነጥብ አትሆንም። ዕድል አልነበረም ልትሉኝ ነው?

ደግሞ እስከ ዛሬ ያልዳነልኝ ቁስል፦ የዓመቱ ምርጥ ፒቸራችን ጌሪት ኮል ቡልፔን (ተቀያሪ ወርዋሪዎች የሚሟሟቁበት ቦታ) ውስጥ ትከሻውን ሲያሞቅ እያየን ሳይገባ ጨዋታው አለቀ። ግሬንኪ 80 ኳስ ብቻ ወርውሮ ነው የወጣው። ለምን? ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ባለ ታክሲው (አርሊንግተን)

ወዳጄ፣ ስለ ኮል እውነት አለህ፤ እኔ በአንተ ቦታ ብሆን እኔም አይወጣልኝም ነበር። ዕድል የምትለውን ግን አልቀበልህም፤ ቁጥር ልስጥህ። ከሜይ 23 በኋላ ናሽናልስ 112 ጨዋታ ተጫወተ፣ 74 አሸነፈ፣ 38 ተሸነፈ። ይሄን ፍጥነት በ162 ጨዋታ አባዛው። የሚመጣልህ 107 ነው። ያንተ ቡድን ስንት አልክ? ለመጨረሻ አራት ወራት ከሂውስተን ጋር እኩል የሆነ ቡድን ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ናቸው የሸፈኑት።

ሌላም አለ። ከተሸነፍን የምናልቅባቸው አምስት ጨዋታዎች ነበሩ፦ ብሩወርስ፣ ከዶጀርስ ጋር አራተኛውና አምስተኛው፣ ከእናንተ ጋር ስድስተኛውና ሰባተኛው። በአምስቱም መጀመሪያ ተመርተናል፣ አምስቱንም አሸንፈናል። ዶጀርስ 106 ያሸነፈ ቡድን ነው። በሎስ አንጀለስ፣ ስምንተኛው ኢኒንግ፣ 3 ለ 1፤ ክሌይተን ኬርሾውን የሚያህል ሰው ላይ ሬንዶንና ሶቶ በተከታታይ ሁለት ኳስ ሁለት ሆም ራን መቱ። በ10ኛው ኬንድሪክ ግራንድ ስላም ጨመረ፣ ማለት ሦስቱም ቤዝ ሞልቶ ሆም ራን፣ አራት ነጥብ በአንድ ምት። ከዚያ ካርዲናልስን 4 ለ 0 ጠራርገን ወጣን። አንድ ጊዜ ዕድል ነው እሺ። አምስት ጊዜ ግን ሌላ ስም ይፈለግለታል።

ሦስተኛ ቤዝ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

የምሥጢሩ ግማሽ ፒቸሮቹ ናቸው፣ ይሄን ሳልጨምር አላልፍም። የናሽናልስ ቡልፔን፣ ማለት በኋላ የሚገቡት ወርዋሪዎች፣ ዓመቱን ሙሉ ሲያስለቅሰን ነው የከረመው። ስለዚህ ማርቲኔዝ በኦክቶበር ያደረገው፣ ጨዋታ የሚጀምሩትን ምርጦቹን እንደ ተቀያሪም ማስገባት ነው። የብሩወርስ ሌሊት ሸርዘር ጀመረ፣ ስትራስበርግ ከመሃል ገብቶ ሦስት ኢኒንግ ዘጋ። ሰባተኛው ጨዋታ ላይ ሸርዘር አምስት ኢኒንግ እየተንገዳገደ ሁለት ነጥብ ብቻ ሰጥቶ ወጣ፣ ፓትሪክ ኮርቢን ገብቶ ሦስት ኢኒንግ በዜሮ ያዘ። አንገቱ በተቆለፈ በሦስተኛው ቀን ማለት ነው ሸርዘር የወረወረው።

ስትራስበርግ ደግሞ ለብቻው ይወራ። በ2012 ቡድኑ አንደኛ ሆኖ ሳለ፣ ክንዱ ቀዶ ጥገና ስለነበረበት ከሴፕቴምበር ጀምሮ አስቀመጡት፣ ፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ወቅት በኋላ ያለው የዋንጫ ፉክክር) ላይ አልወረወረም። ያን ዓመት ከካርዲናልስ ጋር በወሳኙ ጨዋታ 6 ለ 0 መርተን ነበር፤ ዘጠነኛው ኢኒንግ ላይ 7 ለ 5፣ ሁለት አውት ተይዞ አንዲት ስትራይክ (መቺው የሚስታት ኳስ) ብቻ ቀርታን 9 ለ 7 ተሸነፍን። ሰዉ ለዓመታት «ስትራስበርግ ቢኖር» ሲል ኖረ። በ2014፣ በ2016፣ በ2017ም እዚያው በር ላይ ወደቅን።

እንግዲህ ስድስተኛው ጨዋታ፣ ሂውስተን፣ ብንሸነፍ ያበቃል። በመጀመሪያው ኢኒንግ ሁለት ነጥብ አስቆጠሩበት። ወደ መቀመጫው ሲመለስ የፒቸሮች አሰልጣኙ ፖል ሜንሃርት ምን ዓይነት ኳስ ሊወረውር እንደሆነ ከእጁ አያያዝ እየታወቀበት መሆኑን ነገረው። ከዚያ ወዲያ ኳሷን ጓንቱ ውስጥ ሲይዝ ሆን ብሎ ጓንቱን ማንቀጥቀጥ ጀመረ፣ መቺዎቹ እንዳያነቡት። አንድ ነጥብ ሳይጨምሩበት ዘጠነኛው ኢኒንግ ውስጥ ገባ። 7 ለ 2። የወርልድ ሲሪሱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ ይገባዋል።

ከሂውስተን

ስለ ስትራስበርግ የማነሳው ክርክር የለኝም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግሞ የኛ ቡድን በ2017 የተቃራኒን ምልክት (ምን ዓይነት ኳስ እንደሚወረወር የሚነጋገሩበትን) በካሜራ ይሰርቅ እንደነበር ወጣ፤ ጃንዋሪ 2020 ላይ አሰልጣኙ ሂንችና ሥራ አስኪያጁ ሉኖ ታገዱ፣ የቡድኑ ባለቤትም አባረራቸው። ምርመራው ያረጋገጠው 2017ንና ከ2018 የተወሰነውን ነው፣ 2019ን አይደለም። ቢሆንም ልጆቼ ፊት የቡድኑን ማልያ ለብሼ መቆም ለረጅም ጊዜ አሳፍሮኛል። አንድ ነገር ግን ከናንተ ጋር ያገናኘናል፦ ሰባቱንም ጨዋታ ያሸነፈው እንግዳው ቡድን ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት በወርልድ ሲሪስ ሆኖ አያውቅም። የናንተ ሰው በቤቱ ሦስት ጊዜ ሲያዝን፣ የኛ ሰው አራት ጊዜ አዝኗል።

የጆርጂያ ጎዳናው

ልጆቼ፣ እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው የሠራሁት። ሁላችሁም 9ኛ ጎዳናና ዩ ጎዳና ላይ እንጀራ ስትበሉ የምታልፉበት ሰፈር ነው። ሆስፒታሉ የቆመበት መሬት ግሪፊዝ ስታዲየም ነበር። «ከ1924 ወዲህ የመጀመሪያው» ሲባል የነበረው ዋንጫ የተገኘው እዚያው ላይ ነው። የያኔው ቡድን ሴኔተርስ ይባላል፣ ሰባተኛው ጨዋታ 12 ኢኒንግ ሄደ፣ ዋልተር ጆንሰን የመጨረሻዎቹን አራት ወረወረ፣ አንዲት ኳስ መሬት ነጥራ በተከላካዩ ራስ ላይ ዘለለችና 4 ለ 3 አለቀ። በኋላ ያ ቡድን ወደ ሚኒሶታ ሄደ፣ ቀጥሎ የተተካውም በ1971 ወደ ቴክሳስ። ከዚያ እስከ 2005፣ ከሞንትሪያል ናሽናልስ እስኪመጣ፣ ከተማው ያለ ቤዝቦል ኖረ።

ግን አንድ ነገር ላርማችሁ። «በ95 ዓመት የመጀመሪያው» ሲባል ጥቁሮቹ ይዘለላሉ። የነጮቹ ሊግ ጥቁር ተጫዋች በማያስገባበት ዘመን ሆምስቴድ ግሬይስ የሚባለው ቡድን ብዙ ጨዋታውን በዚሁ ስታዲየም ይጫወት ነበር። ጆሽ ጊብሰንና ባክ ሌናርድ የመቱበት ሜዳ ነው። በ1943፣ በ1944 እና በ1948 የጥቁሮቹን ሊግ ዋንጫ ወስደዋል። ዛሬ የጊብሰን ቁጥር በሜጀር ሊግ መዝገብ ውስጥ ገብቶ በመምታት አማካይ ከሁሉም በላይ ቆሟል። ሌሊት ተረኛ ስሆን በሽተኛ እየገፋሁ በዚያ ኮሪደር ሳልፍ ይሄን አስብ ነበር። ለልጅህ ስትነግረው ይሄንንም ጨምርለት።

ባለ ታክሲው (አርሊንግተን)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በዚያ ሆስፒታል በር ስንት ሰው አውርጃለሁ፣ አላውቅም ነበር። ልጄን ይዤው እሄዳለሁ፤ ፈቃድዎ ከሆነ እርስዎም ይምጡልንና ቦታውን ያሳዩን።

ሳውዝ ኢስት

አንድ ሰው ረስታችኋል፣ ወርዋሪያችን ዳንኤል ሃድሰን። ከካርዲናልስ ጋር የመጀመሪያው ጨዋታ ቀን ሚስቱ ወለደችና ጨዋታውን ትቶ ከጎኗ ሆነ። በአደባባይ የወቀሱት ነበሩ፣ እኔ ደግሞ ያን ጊዜ የሁለት ወር አራስ የነበረች እህት ነበረችኝ፣ ባሏ ሥራ ስለማይለቁት አልመጣም። ስለዚህ ሃድሰንን እንደ ወንድሜ ነው የማየው። የዓመቱን የመጨረሻ ኳስ የወረወረውም እሱ ነው።

ኖቬምበር 2 ሰልፉ ኮንስቲትዩሽን አቬኑ ላይ ሲያልፍ ከእህቴና ከሕፃኗ ጋር ቆመን ነበር። ራያን ዚመርማንን አየሁት። ቡድኑ ከተማው ከገባበት ከ2005 ጀምሮ አብሮ የቆየ፣ ሌላ ማልያ ሳይለብስ ጡረታ የወጣ። አልቅሷል፣ እኔም። በሚቀጥለው ዓመት የመክፈቻ ቀን ኮቪድ ነው፣ ስታዲየሙ ባዶ። እኛ ሠራተኞቹም ቤት ቀረን። ሬንዶን ሄዷል፣ በኋላ ሸርዘርና ተርነር፣ ሶቶም ተሸጠ። ስትራስበርግ ከዚያ ዋንጫ ወዲህ ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው መወርወር የቻለው፣ ክንዱ አልሆነለትም። ያን ሌሊት ክንዱን በሙሉ ለኛ ሰጥቶ የጨረሰው ይመስለኛል።

የጉለሌ ልጅ (አዲስ አበባ)

እንቅልፍ ነሳችሁኝ። እዚህ ሌሊቱ ሊነጋ ነው፣ የሰባተኛውን ጨዋታ ቪዲዮ እያየሁ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ሃድሰን የመጨረሻዋን ኳስ ወርውሮ መቺው ሲስት፣ ወዲያው ከእጁ ወደ ጎን ወርውሮ የጣለው ምንድን ነው?

ሦስተኛ ቤዝ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ጓንቱ ነው። የሳተው ማይክል ብራንትሊ ነው፣ ኳሷን የቀለባት ያን ጎሜስ። ቀስ አድርገህ መልሰህ እየው፤ ጎሜስ ገና ከተንበረከከበት እየተነሳ ሳለ የሃድሰን ጓንት አየር ላይ ነው።